አራት ዲስክ ነበረኝ፣ ባካፕ ግን አልነበረኝም

ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያያይዝ ዘዴ) ባካፕ፣ ማለትም ለብቻው የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ፣ እንዳልሆነ የገባኝ የሙሽራዋ አባት ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ስቱዲዮዬ በር ላይ ቆመው «ታዲያ ሰርጉን እንደገና ልደግስልህ?» ያሉኝ ቀን ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰርግ እየቀረጽኩ ነው የምኖረው። ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጠው በሬይድ 5 የተያያዙ አራት ባለ 4 ቴራባይት (ቴራ) ሃርድ ዲስኮች ላይ ነበር። 12 ቴራ ለሥራ፣ የቀረው ለማካካሻ ይሆናል፤ አንድ ዲስክ ቢሞት ከሦስቱ እያሰላ የጠፋውን ይመልሳል። እኔም ይህንን ይዤ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ጥር ላይ፣ በሰርጉ ጥድፊያ መሃል፣ አንዱ ቀይ መብራት አበራ። አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ አዲሱን ለመሙላት የቀሩት ሦስቱ ሌሊቱን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው፣ እነሱ ደግሞ ከሟቹ ጋር በአንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል የደከሙ እኩዮቹ ናቸው። ሊነጋጋ ሲል አንዱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አበቃ። ሬይድ 6 ቢሆን ሁለት ሞት ይችል ነበር። ግን በስህተት ያጠፋኸውን ፎልደር እሱም አይመልስልህም፣ እሺ ብሎ ከሁሉም ዲስክ ላይ ነው የሚያጠፋው።

አሁን ቅዳሜ ማታ ሙሉ ባካፕ አስጀምራለሁ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልቆ ይጠብቀኛል። በሳምንቱ መሃል የተቀየረውን ብቻ እገለብጣለሁ። እሱ ቶሎ ያልቃል፣ ግን ሰንሰለት ነው፤ ከመሃል አንዷ ከተበላሸች ከዚያ ወዲህ ያለው ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ባካፕ ሳይወሰድ ከሳምንት በላይ አላቆየውም። በወር አንዴም አንድ ሰርግ መልሼ አውጥቼ እስከ መጨረሻው ከፍቼ አያለሁ።

ሁለት ውጫዊ ዲስኮች ይፈራረቃሉ፣ አንዱ ደብረ ሲና እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር ነው። ወደዚያ ሲኬድ የሚታለፈውን ተራራ፣ ጣርማ በርን፣ አስቦ «የጣርማ በር ከፍታ አይጎዳውም?» ያለኝ ነበር። ጥያቄው ሞኝ አይደለም፤ የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ብዙዎቹ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው የሚሠሩት ይባላል፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ጠፍቶ ሲጓዝ ግን ምንም አይሆንም።

የሙሽራዋ? ካሜራው ካርድ ላይ ያልጠፋ የመልስ ቀን ተገኘ፣ ሰርጉ የለም። አባቷ ዛሬም ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ያ ዲስክ ዳነ?» ይሉኛል።