የካቪያር መረብ፦ ከተጠለፉ ስልኮች የወንጀል ቡድንን ማንበብ

በቡድን የሚፈጸም ወንጀልን በማኅበራዊ መረብ ትንተና (ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ሰዎችን በመስመር አያይዞ በሥዕል በሚያሳይ ዘዴ) ለማጥናት ስነሳ የመረጥኩት ካቪያር በመባል የሚታወቀውን የሞንትሪያል መዝገብ ነው። ካቪያር የካናዳ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 ሐሺሽና ኮኬይን ወደ ከተማዋ ያስገባ በነበረ ቡድን ላይ ያካሄደው ምርመራ ነው። መርማሪዎቹ የተከተሉት ስልት ከተለመደው የተለየ ነበር፤ ዕፁን በየጊዜው እየያዙ፣ ሰዎቹን ግን እስከ መጨረሻው ሳያስሩ ስልካቸውን ማዳመጥ ቀጠሉ። በዚህ መንገድ 11 ጊዜ ዕፅ ሲያዝ የቡድኑ ኪሳራ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። የወንጀል ተመራማሪው ካርሎ ሞርሴሊ ለፍርድ ቤት ከቀረበው የስልክ ጠለፋ ማስረጃ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ለቅሞ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወር በሚሸፍኑ 11 ምዕራፎች አደራጅቶታል። አንድ ቡድን ከፖሊስ ምት በፊትና በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ መዝገብ ብርቅ ነው፤ የመረጥኩትም ስለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ሠንጠረዥ ነው። በረድፉ ደዋዩ፣ በዓምዱ ተቀባዩ፣ በሚገናኙበት ሳጥን ደግሞ የጥሪው ብዛት ይገኛል፤ ሰዎቹ የሚጠሩት ኤን1፣ ኤን2 እየተባለ በቁጥር ነው። ሠንጠረዦቹን ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ካነበብኩ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር አሰላሁ፤ አንደኛው በቀጥታ ከስንት ሰው ጋር እንደተገናኘ፣ ሁለተኛው ደግሞ በቀጥታ በማይገናኙ ሰዎች መካከል ምን ያህል ጊዜ አሸጋጋሪ ሆኖ እንደሚገኝ።

ምዕራፎቹን ሁሉ ደርቦ በአንድ ሥዕል ማየት ያጓጓል፤ ሆኖም የሚሰውረው ከሚያሳየው ይበልጣል። በመዝገቡ በጠቅላላው 110 ሰዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚታዩት ግን 15፣ በመጨረሻው 41 ናቸው። በተደረበው ሥዕል ላይ በመጀመሪያው ዓመት ከቡድኑ የወጣ ሰው በመጨረሻው ዓመት ከገባው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱ ግን አንዱ ስለ ሌላው መኖር እንኳን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሥዕሎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ደርድሬ ከእያንዳንዳቸው ሥር በዚያ ጊዜ የተያዘውን ዕፅ ግምት ጻፍኩ።

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ምንም ዕፅ ባልተያዘባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ምዕራፎች የሐሺሹ ንግድ አውራ ኤን1 መሃል ላይ ተሰይሟል፤ አብዛኛው መስመር ከእርሱ ይወጣል ወይም ወደ እርሱ ይገባል። ከ4ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ዕፁ መያዝ ሲጀምር የኤን1 የበላይነት ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ የኮኬይኑን ሥራ ያስተባብር የነበረው ኤን12 እና የኤን1 ቀኝ እጅ የነበረው ኤን3 ደግሞ እየጎሉ ይመጣሉ። በ10ኛው ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ብቻ 18.7 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ዕፅ ተይዞ እንኳን በሚቀጥለው ምዕራፍ ስልኩ አልቆመም። ምቱ ቡድኑን ሳይበትነው ቅርጹን ለወጠው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥዕል ተመርቶ በመጨረሻዎቹ ወራት ዒላማ የሚመርጥ መርማሪ የሚያሳድደው ተፅዕኖው የቀነሰውን ሰው ነው።

ኤን1 መሃል ላይ መታየቱን ግን ሙሉ በሙሉ ለአለቅነቱ አልሰጠሁትም። ስልኩ የሚጠለፍ ሰው ከማይጠለፈው ይልቅ ብዙ መስመር ይኖረዋል፤ በስልክ ምንም የማይናገር ጠንቃቃ ሰው ደግሞ በሥዕሉ ላይ ጭራሽ የለም። (አንድ ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ በሚጋራበት አካባቢ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይብስ ነበር፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ መስመር ማስመር በሰው ላይ መፍረድ ነው።) በተጨማሪም ከ110ሩ መካከል 28ቱ ዕፅ አዘዋዋሪዎች አይደሉም፤ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የአስመጪ ድርጅት ባለቤቶች ይገኙባቸዋል። ስሌቱ አዘዋዋሪውን ከሒሳብ ሠራተኛው አይለይም፤ የሚለየው ሌላ ማስረጃ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ግለሰቦችን በነጥብ ደርድሮ ለፖሊስ የሚሰጥ አሠራር አያሳምነኝም። ቺካጎ ሞክራዋለች። በተኩስ የመጎዳት ወይም የመተኮስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው የተባሉ ሰዎች በዝርዝር ተይዘው ነበር፤ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ግምገማ የ2013ቱ ዝርዝር ግድያን እንዳልቀነሰ፣ በዝርዝሩ የተካተቱትም ከሌሎች ይልቅ በተኩስ ወንጀል የመታሰር ዕድላቸው እንደጨመረ አገኙ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 አሠራሩን ተወችው።

ለእኔ የተሻለው የቦስተን መንገድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣቶች ግድያ ሲበረታ የተሳለው የቡድኖች ካርታ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደተቃቃረ፣ ማን ከማን ጋር እንዳበረ ያሳያል። ከዚያም የቡድኖቹ አባላት ተጠርተው፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢገድል መላው ቡድን የፖሊስ ትኩረት እንደሚሆን በግልጽ ተነገራቸው፤ መውጣት ለሚፈልግም እርዳታ ቀረበ። ካርታውን ያወጡት የቡድን ወንጀል ፖሊሶች፣ የአመክሮ መኮንኖችና ወጣቶቹን በስም የሚያውቁ፣ በየመንገዱ ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ ማኅበራዊ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ የተጠቀሙትም ያለ አንዳች የስልክ ጠለፋ ሠንጠረዥ፣ አብረው ተቀምጠው በቃል የሚያውቁትን ነው።