በእሹሩሩ ጃፓን ገባን

የማስተምረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዲስ አበባ ጫፍ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት። ትምህርቱ ክወናና እይታ ጥበባት ይባላል፤ ተማሪዎቹ ግን «አርት» ነው የሚሉት። ቀን ላይ የኮንዶሚኒየም ልጆችና የአካባቢው ገበሬ ልጆች አንድ ዴስክ ይጋራሉ። ማታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አብዛኞቹ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ የእራቱን ወጥ ሠርተው፣ ሕፃኑን ለእናቱ አስረክበው፣ እየሮጡ ነው የሚደርሱት።

ስለ ሌላው ዓለም ባህል አስተምሩ ሲባል ትምህርት ቤቶች ቶሎ የሚመጣላቸው የባህል ቀን ነው። ባንዲራ ይሰቀላል፣ አንዱ ክፍል ህንድ ሌላው ቻይና ይሆናል፣ ግንባር ላይ ቀይ ነጥብ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ድፎ ይቆረሳል፣ አለቀ። አልጠላውም፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን በነጋታው ስለ ህንድ ምን አወቃችሁ ብትሏቸው መልሱ ቀይ ነጥብ ነው። እስቲ አንድ የውጭ ትምህርት ቤት እኛን በነጭ ቀሚስ፣ በቡናና በእስክስታ ብቻ ጨርሶ ቢያልፈን ቅር አይለንም?

እኔ የያዝኩት መንገድ ሌላ ነው። የሆነ የጥበብ ሥራ ሳቀርብ «ያምራል ወይ?» ብዬ አልጀምርም። ማን ነው የሚሠራው? መቼ? ምን ያደርግለታል? እነዚህን ጥያቄዎች ደግሞ መጀመሪያ በራሳችን ነገር ላይ እንሞክራቸዋለን።

ለምሳሌ እሹሩሩ። የማታ ክፍል ውስጥ እያንዳንዷ በአገሯ ሕፃን የሚባበልበትን ዜማ እንድታሰማን ጠየቅኩ። ጉራጊኛ አለ፣ ወላይትኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ አማርኛ አለ። መጀመሪያ ሳቅና መተፋፈር ነበር፤ አንዷ ደፍራ ስትጀምር ግን ሌሎቹ ተከተሉ። ቀጥዬ «ማን ነው የሚያዜመው?» አልኳቸው። «እናት» አሉ በአንድ ድምፅ። አንዷ ብቻ «አይ ቲቸር፣ እኔ የማባብለው የሰው ልጅ ነው» አለች።

ይህን ነበር የምጠብቀው። ስልኬን ከስፒከር ጋር አገናኝቼ የኢትሱኪን እሹሩሩ ከፈትኩላቸው። ኢትሱኪ በጃፓን፣ ኩማሞቶ ግዛት ውስጥ ያለ የተራራ መንደር ነው። ድሮ የድሃ ቤት ሴት ልጆች ገና በልጅነታቸው ሀብታም ቤት ሕፃን ሊይዙ ይላኩ ነበር፤ ዜማውም የእናት ሳይሆን የእነሱ ነው። እኔ እዚህ የምቆየው እስከ ቦን ነው፣ ቦን ቶሎ ከመጣልኝ ቶሎ ቤቴ እገባለሁ የሚል ሐሳብ አለው። ቦን የሞቱ ዘመዶች ነፍስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች የሚባልበት በዓል ነው፤ በብዙ ቦታ ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ሕያዋኑም ለበዓሉ ወደ ትውልድ ቦታቸው ይጓዛሉ።

«እኛ ለመስቀል እንደምንሄደው ነዋ!» አለች አንዲት የጉራጌ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ ባለፈው ዓመት እንዳልተፈቀደላት፣ ሌላዋ ለትራንስፖርት ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ደብተር እንዳዋለችው፣ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ የራሳቸውን ግጥም አስጻፍኳቸው። ሕፃኑን «ነገ ፈተና አለብኝ፣ እባክህ ተኛልኝ» ብላ የምትለምነው ሁላችንንም አሳቀችን። ጃፓኖቹ ልጃገረዶች ለምን በሕፃን ማባበያ ውስጥ ያጉረመርማሉ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ወዲያው ነው የመጣው፦ ሕፃኑ አይሰማም፣ እመቤቲቱ ግን ትሰማለች።

እዚህ ላይ ማቆም ያጓጓል። ግን «ለካ አንድ ነን» ብለው ከወጡ ሥራው ግማሽ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የማይመሳሰለውን ፈልጉ እላለሁ። ቦን የሙታን በዓል ነው፤ መስቀል ግን የሙታን አይደለም። ይህን ሲያወጡ ነው ስለ ጃፓን የምር መጠየቅ የጀመሩት። ነፍሷ ስትመጣ ምን ይቀርብላታል? ማን ይቀበላታል?

የቀኖቹን ልጆች የያዝኳቸው በጨርቅ ነው። ጋና ውስጥ፣ ከኩማሲ አቅራቢያ ንቶንሶ የሚባል ቦታ አለ፤ አዲንክራ የሚባለው ጨርቅ ይሠራበታል። ማኅተሙ ከቅል ይቀረጻል፣ ቀለሙ የዛፍ ልጥ ተቀቅሎ ይወጣል። ቅል እኛም ጋ አለ፣ ግን ልጆቹ እጃቸውን እንዳይቆርጡ ብዬ በድንች ተካሁት፤ ቀለሙን ደግሞ ከቡና አተላና ከቀይ ሥር አወጣነው። ከማኅተሙ ምልክቶች አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረችውን ወፍ፣ ሳንኮፋን፣ ሁሉም ወደዷት። አንዱ ለልደቴ ቲሸርት ላይ አትሜ እለብሳታለሁ አለ። ጨርቁ ከጥንት የሚታወቀው በለቅሶ ልብስነቱ ነው ስላቸው ዝም አሉ፤ ትንሽ ቆይታ አንዷ አያቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚለብሱት መቼ እንደሆነ ተናገረች። ዛሬ ጋና ውስጥ አዲንክራ ለደስታም ይለበሳል፣ ልጁም አልተከለከለም። ምን እንደሚለብስ አውቆ ይልበስ ነው ያልኩት።

ክራሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ትዝታ ሜጀር በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችን ቃኝቼ አንድ የኛን ዜማ ተጫወትኩ፤ ከዚያ አውታሩን ሳልነካ በዚያው ቅኝት አንድ የቻይና ዜማ። ጎንግ የሚባለው የቻይና ቅኝት አምስቱ ድምፆች ከትዝታ ሜጀር ጋር ይገጥማሉ። አባቱ ዱከም የቻይና ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ «ወስደውብን ነው!» ብሎ ተነሳ። ኧረ ተቀመጥ! የስኮትላንድ ገበሬም በአምስት ድምፅ ያዜማል፣ ማን ከማን ወሰደ ሊባል ነው? ሁለቱን ዜማ በጭብጨባ አስመታኋቸው። የኛው በስድስት ስምንተኛ ምት ይወዛወዛል፣ የቻይናው በሁለት በሁለት ይራመዳል። ትከሻቸው ራሱ ለይቶታል።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ድምፁን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፤ መብራትም ኔትወርክም የሚጠፋው ልክ ክፍል ስትገቡ ነው። ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ቀድሞ ከታየ ልብሱን አይተው ይስቁና ጆሯቸው ይዘጋል። ባንድ ሴሚስተር ሦስት አገር በዝርዝር መያዝ ሃያ አገር ከመቁጠር ይሻላል። ሰው ቤት ስለመሥራት ስታነሱም ተጠንቀቁ። ማንም ስለ አሠሪዋ እንድታወራ አትገደድ፤ እኔ ግጥሙን ስም ሳይጻፍበት ነው የምሰበስበው።

ማርክ የምሰጠው በጥያቄ ነው። ሠሪው ፊት ለፊትህ ቢቀመጥ ምን ትጠይቀዋለህ እላለሁ። «ስንት ይሸጣል?» ከአሥሩ አራት ያገኛል፣ መጥፎ አይደለም። «ሐዘኑ ሲያልቅ ጨርቁን የት ታስቀምጡታላችሁ?» ያለችው ልጅ አሥር ከአሥር አገኘች። ርዕሰ መምህሯ አሁንም ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ይጠይቁኛል፤ በድንች የታተመውን አቡጀዲ ዘርግተን አንነሳላቸዋለን።