ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታየው ምስል

ደብረ ብርሃን፣ ማታ

አክስቴ ግራ እግራቸው ይከዳቸው ከጀመረና የጠዋት ራስ ምታታቸው ከበረታ ወዲህ፣ ከመንዝ አዲስ አበባ ድረስ ወስደን የኤምአርአይ ምርመራ አስደርገናቸዋል። ዛሬ ሐኪሙ ምስሉን ከፍቶ አስረዳን።

እጢው ከአናታቸው ሥር በቀኝ በኩል፣ ከአንጎል ሽፋን ጋር ተያይዞ ደማቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያደመቀው በደም ሥር የተሰጣቸው ጋዶሊኒየም የሚባል ምስል አድማቂ መድኃኒት ነው፤ የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ነበር ኩላሊታቸው አስቀድሞ በደም ምርመራ የታየው። ሐኪሙ ሜኒንጂዮማ፣ ማለትም ከአንጎል ሽፋን የሚነሣ እጢ፣ ሳይሆን አይቀርም አለን፤ ከሽፋኑ የተነሣ ከመሆኑም በላይ ጠርዙ በሽፋኑ ላይ እንደ ጅራት ቀጥኖ ይሄዳል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን እጢው ወጥቶ በፓቶሎጂ፣ ማለትም በቤተ ሙከራ በማይክሮስኮፕ፣ ሲመረመር ነው። ግራ እግርን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል በቀኝ በኩል፣ መሐል መስመሩ አጠገብ ስለሚገኝ፣ ሕመማቸውና ምስሉ ገጠሙልን።

ማሽኑ እንደ ሲቲ ስካን በኤክስሬይ አይሠራም፤ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ፣ በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ምልክት ይቀበላል። የ1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ማግኔት ከመሬት መግነጢሳዊ ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ስለሚበረታ፣ አክስቴ ጉትቻቸውንና የብር መስቀላቸውን አውልቀው፣ የማተቡን ክር ብቻ አስቀርተው ገቡ።

ከሁሉ አብልጬ ያሰብኩት ግን ከፊት ወደ ኋላ በመሐል መስመሩ ስለሚሄደው ትልቅ የደም መልስ ነው። እጢው ግድግዳውን ይዞታል። የደም ሥሮችን ለይቶ የሚያሳየው ተጨማሪ ምስል ደም አሁንም በውስጡ እንደሚያልፍ አረጋግጧል፤ ይህን ሥር መጉዳት ደግሞ ለሕይወት ስለሚያሰጋ፣ ሐኪሙ በግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ጥቂት ክፍል ትቶ ቀሪውን ሊያወጣ እንደሚችል ነገረን። እጢ መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የቱን ነክቶ የቱን መተው እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ግን ሌላ ነው፣ ለእኔ የምርመራው ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። የፈቃድ ወረቀት የሚፈርም ቤተሰብም ይህን ምስል በዓይኑ ሊያየው ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

አክስቴ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እግሬ ይመለስልኛል ወይ?» አሉት። እጢው በአንጎላቸው ላይ ያሳደረው ጫና ሲነሣ ሊሻላቸው እንደሚችል፣ ምስሉ ግን ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ እንደማይችል ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ከመፈረማችን በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የሚተወው ክፍል በየስንት ጊዜው በኤምአርአይ መታየት እንዳለበትና ለዚያ ከመንዝ መመላለሱን እንዴት እንደምናደርገው።