ገና በቾርሊዉድ፦ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በዋሽንግተንም፣ በዱባይም ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ሁሉ ሰላምታዬ የሚደርሳችሁ ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ ከምትገኝ ቾርሊዉድ ከምትባል መንደር ነው። በየዓመቱ «እዚያ ገና እንዴት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔም «ይመስገነው» ብዬ አልፋለሁ። ዘንድሮ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ስለዚህ አገር ከምንደጋግማቸው አባባሎች አንዱ «ፈረንጅ አገር ጎረቤት የለም» የሚለው ነው። ነዋሪዋ ጠዋት በባቡር ለንደን ሄዶ ማታ ለመኝታ የሚመለስባት ቾርሊዉድን የመሰለች መንደር ደግሞ ለዚህ አባባል ዋና ምስክር ትሆናለች። ሐሰት ነው አልልም። ግን እዚህ ያለው ጉርብትና በዝምድና ወይም በእርሻ የተሳሰረ ስላልሆነ፣ ሰዎቹ ሆን ብለው፣ ቀን ቆርጠው ይሠሩታል። እኛ ሳናስበው የምናገኘውን እነርሱ በስብሰባና በቃለ ጉባኤ ያገኙታል።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ቾርሊዉድ ማለት ቼስ በተባለው ትንሽ ወንዝ ዳር የተበታተኑ እርሻዎችና ከብት የሚሰማራበት የጋራ መሬት ማለት ነበረች። ከዚያ ዘመን የሚነሳላት አንድ ሠርግ ነው። በኋላ በአሜሪካ ፔንስልቬንያን የመሠረተው ዊሊያም ፔን በ1672 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) ጉሊየልማ ስፕሪንጌትን ያገባው እዚሁ፣ በአንድ የእርሻ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱም ኩዌከር የተባለው፣ ቄስ የሌለው የክርስቲያን ማኅበር አባላት ስለነበሩ ባራኪ አልነበረም፤ ሙሽሮቹ በተሰበሰበው ሰው ፊት ራሳቸው ቃል ገቡ፤ በቃ።

የመንደሯን ዕድል የለወጠው ግን ስለ እርሷ ያን ያህል ያላሰበ ሰው ነው። የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር የነበረው ሰር ኤድዋርድ ዋትኪን ማንቸስተርን ከፓሪስ በባቡር ለማገናኘት ያልም ነበር። እንግሊዝን ከፈረንሳይ ከሚለየው ባሕር ሥር ዋሻ ማስቆፈር ጀምሮ ሳለ፣ መንግሥት «የጠላት ጦር ይገባበታል» ብሎ በ1882 አስቆመው። ዋትኪን ግን ሐዲዱን ከለንደን ወደ ሰሜን ምዕራብ መግፋቱን አልተወም፤ የቾርሊዉድ ጣቢያም በጁላይ 1889 ተከፈተ። ለፓሪስ የታሰበ መንገድ ለእኛ የሥራ መመላለሻ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ንጹሕ ንግድ ነው። ሌሎች የባቡር ኩባንያዎች ከሐዲድ የተረፈ መሬታቸውን የመሸጥ ግዴታ ሲኖርባቸው፣ ሜትሮፖሊታን ይዞ የማልማት ልዩ መብት ነበረው። በ1915 በሐዲዱ ዙሪያ ላለው አገር ሁሉ «ሜትሮላንድ» የሚል የማስታወቂያ ስም አወጣለት፤ በ1919 ደግሞ ቤት የሚሠራ እህት ኩባንያ ተቋቋመ። በአንድ እጅ ቤት፣ በሌላው እጅ የባቡር ትኬት ይሸጥ ነበር። ከከተማ ጭስ የሸሸው የቢሮ ሠራተኛም የአትክልት ቦታ ያለው ቤት አገኘ። ከእርሱ ቀደም ብሎ አርክቴክቱ ቮይዚ በሻየር ሌን «ዘ ኦርቻርድ» የተባለውን የራሱን ቤት በ1899 እና በ1900 እዚህ ሠርቷል። ዝቅ ያለ ጣሪያውንና ነጭ ግድግዳውን በማየት ብቻ፣ ከእርሱ በኋላ በእንግሊዝ የከተማ ዳርቻዎች ስንት ቤት እንደኮረጀው መገመት ይቻላል።

ዛሬ ነዋሪው 11 ሺህ ገደማ ነው፤ ራሱን ግን መንደር ከማለት አልተመለሰም። ጠዋት ጣቢያው ላይ አንድ ዓይነት ሰዎች በአንድ ዓይነት ቦታ ይቆማሉ፤ ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመው ከአንገት ሰላምታ ያላለፉም አሉ። በ2004 መንግሥት የእንግሊዝን ሠፈሮች በችግር መጠን ሲመድብ፣ ከሁሉ ያነሰ ችግር አለበት የተባለው የቾርሊዉድ አንድ ክፍል ነበር። ጋዜጦች ደስተኛው መንደር አሉን። እኔ በዚህ ብዙም አልኮራም፤ የቤቱ ዋጋ እዚሁ ተወልዶ ያደገውን ወጣት እንኳ ወደ ሌላ ቦታ ይገፋዋል።

መንደሯን መንደር የሚያደርጋት ቅዳሜና እሑድ ነው። 80 ሄክታር የሚያህለው የጋራ መሬት ሲነጋ ውሻ ይዞ በሚዞር ሰው ይሞላል። ቁጥቋጦውን የሚመነጥሩት፣ ኩሬውን የሚያጸዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በበጋ ላሞች ይሰማሩበታል። በዚያው ሣር ላይ ጎልፍም ይጫወታሉ፤ ዱላ የጨበጠው ሰውዬ መንገደኛው እስኪያልፍ በትዕግሥት ይቆማል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ተረታችን እዚህ በሥራ ላይ የዋለ ይመስላል።

ዲሴምበር 25 ቀን ደግሞ ባቡሩ ራሱ አይሄድም። በለንደንና በዙሪያዋ በዚያ ቀን ምንም ባቡር የለም፤ የመንደሩ ሰው በሙሉ መንደሩ ውስጥ ይውላል። ያን ጊዜ ነው ጣቢያው ላይ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለው ሰው በር አንኳኩቶ የሚገባው። ችግሩ የሚገባው በጾመ ነቢያት መካከል መሆኑ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት በየዓመቱ ሚንስ ፓይ ይዘው ይመጣሉ፤ ዘቢብና ቅመም የታጨቀበት፣ ቅቤ የበዛበት ትንሽ ኬክ ነው። እስከ ጃንዋሪ 7 ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚቆይ ስለገባቸው፣ አሁን አሁን «ይህ የእናንተ ቀን ሲደርስ ነው» ብለው ይሰጡናል። ማኅበር እንዲህ ነው የሚጀመረው።

የእኛ ቀን ሲደርስ የሚሄድላቸው ድፎ ዳቦ ነው። እዚህ ላይ ስቄ ሳልጨርስ የቀረሁት ታሪክ አለ። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ለስላሳ፣ የተቆራረጠ የእንግሊዝ ዳቦ አብዛኛው የሚጋገርበት ዘዴ የተፈለሰፈው በዚችው መንደር ነው፤ ስሙም «የቾርሊዉድ የዳቦ አሠራር» ይባላል። በ1961 እዚህ የነበረ የዳቦ ጋጋሪዎች የምርምር ማኅበር፣ ሊጡን በኃይለኛ ማሽን ለጥቂት ደቂቃ በማሸት፣ እርሾውን በማብዛትና ጥቂት ቅባትና አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) በመጨመር ለሰዓታት ይደረግ የነበረውን የኩፍታ ጥበቃ አስቀረ። ሐሳቡ ጥበብ ነበረበት፤ ፕሮቲኑ አነስተኛ የሆነው የአገሩ ስንዴ ለፋብሪካ ዳቦ እንዲያገለግል አስቻለ። ዱቄቱ ታሽጎ የሚሸጥ ዳቦ እስኪሆን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። እኔም በዚችው መንደር ሊጡን አቡክቼ አሳድረዋለሁ። ኮባ የለም፤ ከእስያውያን ሱቅ በበረዶ የመጣ የሙዝ ቅጠል አለ። ጥቁር አዝሙዱ ከአዲስ አበባ ነው። ጣዕሙን በተመለከተ ዳኝነቱን ለጎረቤቶቼ ትቻለሁ፤ ቆርሰው የሚተርፍ አይተውም።

«ገናችሁ ለምን ዘገየ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን የምነግራቸው የራሳቸውን ታሪክ ነው። ብሪታንያ በ1752 የቀን አቆጣጠሯን ስትቀይር ከሴፕቴምበር 2 በኋላ በቀጥታ 14 ሆነ፤ 11 ቀን ተዘለለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 24 ምሽት፣ በኋላ የእኛው የሜትሮፖሊታን ባቡር ይደርስበት በነበረው ኩዌንተን በተባለ መንደር፣ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰው ፋኖስና ሻማ ይዞ በአንዲት የእሾህ ዛፍ ዙሪያ ተሰበሰበ። ዛፏ በገና ሌሊት ታብባለች ይባል ነበር። አላበበችም። ሕዝቡም «እንግዲያው ይህ እውነተኛው ገና አይደለም» ብሎ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፣ ወዳጅም አልጋብዝም አለ፤ በአካባቢው ያሉ ቀሳውስትም አሮጌው ገና እንደ ቀድሞው እንዲከበር ለማወጅ ተገደዱ። በዘመኑ የታተመ መጽሔት የዘገበው ነው።

አሮጌው ገና የዋለው ጃንዋሪ 5 ቀን 1753 ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ታኅሣሥ 29 ቀን 1745 ነበር። ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ልደትን ሲያከብሩ፣ የኩዌንተን ገበሬዎችም ስለ እነርሱ ምንም ሳይሰሙ በዚያው ቀን አክብረዋል። ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ስለደረሰ ነው እኛ በ7 የምናከብረው። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ታዲያ ዛፏ በ5 አበበች?» የሚል ነው። እንግሊዛዊ ለአትክልት ነገር እንዲህ ነው።

ዘንድሮም የገና ዋዜማ ሌሊት ለንደን፣ ቅድስት ማርያም ጽዮን ነን። ቅዳሴው አልቆ፣ ጾሙ ተገድፎ፣ የመጀመሪያውን ባቡር መጠበቅ ግድ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው መስመር ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። ነጭ በነጭ ለብሰን ቾርሊዉድ ስንወርድ፣ ከማዶ ያለው መድረክ ወደ ሥራ በሚሄድ ሰው ተሞልቶ ይጠብቀናል። የገና ዛፎቻቸው በየበሩ ተጥለው የቆሻሻ መኪና ይጠብቃሉ። ከማዶ «መልካም ገና!» የሚል ድምፅ ከተሰማ ያው የሚንስ ፓይ ማኅበርተኛ ነው።

በዓሉን በሥራ ላይ ለምታሳልፉ፣ በሆስፒታል፣ በሰው ቤት፣ በታክሲ ላይ ለምትውሉ ሁሉ በተለይ እንኳን አደረሳችሁ። የእኛ ዳቦ የሚቆረሰው ጎረቤቶቻችን ከለንደን ሲመለሱ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚህ በኩል የምታልፉ ካላችሁ ሰዓቱን ያዙ። መልካም የልደት በዓል።