ስራ ስለቅ የረሳሁት ሰው

ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ 6 ዓመት ስቶር ኪፐር ሆኜ ሰርቻለሁ። ባለቤቴ ሀዋሳ ስራ ስታገኝ እኔም መልቀቂያ አስገባሁ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደዛ ነው የሚለው። ግልባጩ ላይ ቀን አስጽፌ አስፈረምኩ። በጊዜ ያደረግኩት ይቺን ብቻ ነው።

30 ቀን ብዙ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት "እውነት ልትሄድ ነው?" ለሚለኝ ሁሉ እየመለስኩ፣ ሻይ እየተጋበዝኩ ጨረስኳቸው። ቆጠራ የጀመርነው ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ ነው። ተረካቢዬ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን እያንዳንዱን እቃ በእጁ ካልነካ አይፈርምም። ደግሞ ልክ ነው፤ እኔም ስገባ እንደሱ ባደርግ ኖሮ የስንቱን ጣጣ ባልወረስኩ። ቁጥር 6204 የሚባለው ኩሽኔታ (የማሽን መሽከርከሪያ ቀለበት) ላይ ስንደርስ ቢን ካርዱ፣ ማለትም የእቃው መመዝገቢያ ካርድ፣ 14 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት 11 ናቸው። ሁለት ቀን ፈለግን። ለካ ማታ ማሽን ቆሞባቸው ጥገናዎች በብጣሽ ወረቀት ፈርመው ወስደዋል፣ እኔ ደግሞ "ነገ ቫውቸር እቆርጣለሁ" ብዬ ብጣሹን መሳቢያ ውስጥ ረስቼዋለሁ።

ሶስት ኩሽኔታ ምን ያመጣል እንዳትሉ። ደሞዝና ሌላው ክፍያ ከለቀቅክ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ እጅህ ላይ ያለ ንብረት በራስህ ጥፋት ካዘገየህ ግን ክፍያውም ይዘገያል። የኔ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ያልወጣሁት የዓመት ፈቃድ በብር ይታሰባል። አስተዳደሮቹ "በራስህ ፈቃድ ስለለቀቅክ የስራ ስንብት ክፍያ የለህም" ብለውኝ ነበር። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ግን፣ ከስልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት፣ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም ያገኛል። አንቀጽ 39ን በስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ሳልጨቃጨቅ። ቁጭ ብለው አነበቡት፣ ከዛ አሰሉት።

ክሊራንሱ ሰባት ፊርማ ነበረው። የካፌዋ ልጅ ሳትቀር "ዱቤህን ዝጋ" አለችኝ። እቁቡ ቀድሞ ስለደረሰኝ ቀሪውን በየሳምንቱ በቴሌብር ልልክ ከዳኛው ጋር ተስማማን። የወረዳ መሸኛ አንድ ሙሉ ቀን በላ። ከዛ ከቱሉ ዲምቱ እቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ሄድን።

ሀዋሳ በገባን በወሩ ጋሼ ደወሉ። ጋሼ አጎቴ ናቸው፤ ስቀጠር ከመስሪያ ቤታቸው የደሞዝ ደብዳቤ አጽፈው ዋስ የሆኑኝ እሳቸው ናቸው።

"አንተ፣ እኔን ሳታስፈታ ነው እንዴ የሄድከው?"

ለልጃቸው ዋስ ሊሆኑ ደብዳቤ ቢጠይቁ "አሁንም በዛኛው ሰው ተይዘዋል" ተባሉ። ያ ሁሉ ፊርማ ሲሰበሰብ ስለ ዋሴ አንድም ሰው አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። በስልክ ሞከርኩ፣ "በአካል ና" አሉ። ሌሊት ተነስቼ ቃሊቲ መናኸሪያ ወረድኩ፣ ወደ ገላን ተመለስኩ። ደብዳቤዋ ሁለት መስመር ናት፤ ሰራተኛው ንብረት አስረክቦ ስለለቀቀ ዋስትናው ተነስቷል። አስር ደቂቃ አልፈጀችም። ክሊራንሱ የተፈረመ ቀን ብጠይቃት ኖሮ ያኔውኑ ይሰጡኝ ነበር።

ጋሼ መስሪያ ቤታቸው በር ላይ ጠበቁኝ። ደብዳቤውን ሁለቴ አንብበው ኪሳቸው ከተቱት።

"በል ምሳ እንብላ" አሉኝ። "ከፋዩ ግን አንተ ነህ።"