ለእሷ የሠራው መርፌ

ከስፓይና ባይፊዳ (የጀርባ አጥንትና ህብለ ሰረሰር በማኅፀን ሳሉ በትክክል ሳይዘጉ የሚቀሩበት የአፈጣጠር ችግር) ጋር ተወልደው ለአዋቂነት የደረሱ ሰዎች ወደ ሽንት ሕክምና ክፍል ሲመጡ የሚያቀርቡት ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ሽንት ያመልጠኛል፣ ክኒኑም እንደ ድሮው አልይዝልኝ አለ ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት ሳገለግል ያጋጠመኝ የሁለት ታካሚዎች ጉዳይ፣ ይህ የቅሬታ መመሳሰል ሕክምናውን ወዴት ሊወስደው እንደሚችል በግልጽ ያሳየኝ ነው።

አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ ሌላው በክራንች የሚራመድ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለቱም በሕፃንነታቸው ጀርባቸው በቀዶ ሕክምና የተዘጋላቸው፣ ሽንታቸውን በራሳቸው እጅ ካቴተር (ቀጭን የሽንት ቱቦ) እያስገቡ የሚያወጡና ኦክሲቡታይኒን የተባለ የፊኛን ጡንቻ የሚያላላ ክኒን የሚወስዱ ነበሩ። ተረኛው ሬዚደንት ሐኪም ሁለቱንም ከመረመረ በኋላ ለሁለቱም ቦቶክስ የተባለ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት በፊኛቸው ግድግዳ ላይ እንዲወጋ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መሠረት ነበረው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን መርፌ በነርቭ ጉዳት ምክንያት ሽንት ለሚያመልጣቸው አዋቂዎች በ200 ዩኒት መጠን ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የተመሠረተባቸው ጥናቶች የተካሄዱት የህብለ ሰረሰር አደጋ በደረሰባቸውና መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ የነርቭ በሽታ በያዛቸው ሰዎች ላይ ነው። የእነዚህ ሰዎች ፊኛ ከመታመሙ በፊት ለዓመታት በጤና የሠራ ሲሆን፣ ከስፓይና ባይፊዳ ጋር የተወለደ ሰው ፊኛ ግን ከማኅፀን ጀምሮ ትክክለኛ የነርቭ ትእዛዝ ያላገኘ፣ በዚህም የተነሳ ግድግዳው በዓመታት ውስጥ እየወፈረና እየደደረ ሊሄድ የሚችል ነው። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ስፔሻሊስት መርፌው ከመታዘዙ በፊት በእያንዳንዳቸው ፊኛ ውስጥ ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ምን እንደሆነ እንዲለካ አዘዙ።

የፊኛን ግፊት የሚመዘግበው ማሽን በዚያን ጊዜ በክፍላችን አልነበረም። በምትኩ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) በካቴተር በኩል ቀስ እያልን ወደ ፊኛ እናስገባለን፤ ከካቴተሩ ጋር የተያያዘ ሌላ ቀጭን ቱቦ ደግሞ በግሉኮስ መስቀያው ብረት ላይ ከተለጠፈ የሴንቲሜትር ሜትር ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዜሮው ከብልት አጥንት የላይኛው ጠርዝ ጋር ይስተካከላል። ውኃው በቱቦው ውስጥ የወጣበት ከፍታ የፊኛው ግፊት ነው። ታካሚው ቢያስል ወይም ቢያምጥ ውኃው ስለሚዘል፣ አንዱ ባለሙያ እጁን ሆድ ላይ አድርጎ የትኛው ዝላይ ከሆድ፣ የትኛው ከፊኛ እንደመጣ ይለያል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም በትዕግሥት ከተሠራ የሚናገረው ብዙ ነው።

የተማሪዋ ውኃ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ከቆየ በኋላ በድንገት ዘለለ፤ ተመልሶ ወረደ፤ ጥቂት ሳላይን ሲጨመር እንደገና ዘለለ፤ ሽንቱም ያመለጣት በየዝላዩ ነው። የልብስ ሰፊው ውኃ ግን አንድም ጊዜ አልዘለለም፤ በገባው ሳላይን ልክ ያለማቋረጥ ከፍ እያለ ሄዶ ፊኛው ገና 200 ሚሊ ሊትር ሳይዝ ከ40 ሴንቲሜትር አለፈ። ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ኤድዋርድ ማክጋየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ሽንት የሚያመልጠው ግፊቱ ከ40 ሴንቲሜትር ውኃ ካለፈ በኋላ በሆነባቸው የስፓይና ባይፊዳ ታካሚዎች ላይ የኩላሊት ጉዳት ጎልቶ መታየቱን አሳይተዋል። ቦቶክስ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ስለሚያግድ ያለ ትእዛዝ የሚኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፤ በጠባሳ የደደረን ግድግዳ ግን ሊያለሰልስ አይችልም።

ስፔሻሊስቱ በዚህ ብቻ አልወሰኑም። ልብስ ሰፊው የሽንት ማስታወሻ እንዲይዝ ሲደረግ፣ በሥራ ቦታው ያለው መጸዳጃ ቤት የጋራና በሩ የማይዘጋ በመሆኑ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ካቴተር ካደረገ እስከ ማታ እንደማይደግም ታወቀ። የሆድ ድርቀትም ነበረበት፤ የተጠራቀመ ሰገራ ፊኛን ስለሚጫን የመድኃኒትን ውጤት ያዛባል። እነዚህ ሁለቱ እስኪስተካከሉ ተጠብቆ ልኬቱ ሲደገም ግፊቱ የሚጨምርበት መጠን ትንሽ ዘገየ እንጂ መልኩን አልቀየረም። የደም ምርመራው ክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) ጤናማ ነው ቢልም፣ እግሮቹ የሳሱና የጡንቻ መጠኑ ያነሰ ሰው ክሪያቲኒኑ ኩላሊቱ ተጎድቶም ዝቅ ሊል ስለሚችል በአልትራሳውንድ ታየ፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ በሽንት ተወጥረው ተገኙ።

ከሁሉ የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ተማሪዋ መርፌውን ወስዳ፣ ከሳምንታት በኋላ በካቴተር መሐል ሳይረጥባት መዋል ጀመረች፤ ይህንንም በቀጠሮ ቀን ወንበር ላይ አብሯት ለተቀመጠው ለልብስ ሰፊው ነገረችው። ዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እህቱ የመርፌውን ዋጋ ልካለት ስለነበር፣ «ሲስተር፣ ለእሷ ሠርቶ ለእኔ የምትከለክሉኝ ለምንድን ነው? ገንዘቡ እኮ አለኝ» አለኝ። ስፔሻሊስቱ የራሱን የልኬት ወረቀት ከፊቱ ዘርግተው፣ ከጎኑ የሚዘል ፊኛ ምን እንደሚመስል በእስክሪብቶ ሣሉለትና ልዩነቱን አስረዱት። ቢሞከርስ ብሎ ሲጠይቃቸውም ትንሽ ሊረዳው የሚችልበት ዕድል እንዳለ አልደበቁም፤ ነገር ግን የመርፌው ኃይል ከወራት በኋላ የሚያልቅ መሆኑንና እስከዚያ የሚጠበቀው ጊዜ በኩላሊቱ ላይ የሚያልፍ መሆኑን ነገሩት። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ መገመት የሐኪም የዕውቀት ጉጉት ብቻ አይደለም፤ የእህት ደመወዝና የወንድም ኩላሊት ያለበት ጉዳይ ነው።

ለጊዜው ሌሊት ካቴተሩ ከከረጢት ጋር ተያይዞ ክፍት እንዲያድር፣ ቀን ደግሞ በየሦስት ሰዓቱ እንዲያወጣ ተደረገ፤ የሥራ ቦታው ባለቤትም ደብዳቤ ተጽፎለት ቁልፍ ያለው በር አስገጠመ። በተከታዩ አልትራሳውንድ የኩላሊቶቹ ውጥረት ቀንሶ ታየ። አሁን የሚጠብቀው ከራሱ አንጀት ቁራጭ ተወስዶ ፊኛው የሚሰፋበት ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ እህቱ የላከችው ገንዘብም ለዚያ ተቀምጧል። ከስፓይና ባይፊዳ ጋር የተወለዱ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ከላቴክስ ጋር ስለሚነካኩ ብርቱ አለርጂ ሊኖርባቸው ይችላልና፣ ለዕለቱ ከላቴክስ ነፃ የሆነ ጓንትና ካቴተር እንዲዘጋጅ በመዝገቡ ሽፋን ላይ በቀይ ጽፌ ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ አስረክቤአለሁ።