የሩዝ ነገር

ሰሞኑን ከፍቶኛል። ለምን ብባል ይህ ነው የምለው የለኝም። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቤቱም ዝም ብሏል። ማታ እራት ላይ የታላቄ ልጅ ስለ አሜሪካ ባሮች ሲወራ ሰምታ «መቼም ያኔ የተፈለገው ጉልበታቸው ብቻ ነው» አለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ ሁላችንም እንዲሁ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ለእኔ ግን አልዋጥልኝ አለ፤ የቀረበልን ደግሞ ሩዝ ነበር።

ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካዋ ካሮላይና ሩዝ ባልበላች። የዚያች አገር ወደብ ከተማ ቻርልስተን የተቆረቆረችው በ1670 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሰፋሪዎቹ እናት አገር እንግሊዝ ሩዝ አያበቅልም። በኒጀር ወንዝ ዳር ግን የአፍሪካ ሩዝ ከተላመደ 3,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በ1793 ወደ ዛሬዋ ጊኒ የተጓዘው የባሪያ መርከብ አዛዥ ሳሙኤል ጋምብል ባጋ የሚባሉትን የዚያ ጠረፍ ሕዝብ የሩዝ ማሳ ከነሥዕሉ ማስታወሻው ላይ አስፍሮታል። በዚያ ጠረፍ ገበሬው ማንግሮቩን፣ በጨው ውኃ ዳር የሚበቅለውን ደን፣ ይመነጥርና ባሕሩ እንዳይገባበት በአፈር ግድብ ያጥረዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መጠበቅ ነው፤ ዝናቡ እየመጣ እየሄደ የአፈሩን ጨው አጥቦ እስኪያወጣ ዓመታት ያልፋሉ። ሳይታጠብ የተዘራ ቡቃያ ጫፉ ቢጫ ይሆንና ይደርቃል። ይህን በዱላ የተማረ የለም፤ ከአባትና ከእናት የተወረሰ ነው።

ካሮላይና ውስጥ መጀመሪያ የተዘራው በደረቁ መሬትና በረግረጉ ነበር። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ እርሻው ወደ ወንዞቹ ዳር ወረደ፤ በየዕለቱ እየመጣ የሚሸሸው የባሕር ሙላት የወንዙን ውኃ ወደ ላይ እየገፋ ማሳውን እንዲያጠጣ ነው። ጥበቡ ያለው ግድቡ ሥር የሚቀበረው ሳጥን ላይ ነው። ቀድሞ የተቦረቦረ የሳይፕረስ ግንድ ነበር፣ በውታፍ የሚዘጋ። በኋላ በሁለቱም ጫፍ የሚንጠለጠል መዝጊያ ያለው ረጅም የሳንቃ ሳጥን ሆነ። ውኃ ለማስገባት በወንዙ በኩል ያለው መዝጊያ ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ የማሳው በኩል ግን እንደተንጠለጠለ ይተዋል። ሙላቱ ሲመጣ ውኃው ራሱ ገፍቶ ይከፍተዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ማሳው ውስጥ የገባው ውኃ ተመልሶ ሊወጣ ሲል መዝጊያውን ገፍቶ በራሱ ላይ ይዘጋል። ለማድረቅ ሲፈለግ አስተሳሰሩን መገልበጥ ነው። አንድም ሞተር የለበትም።

የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው። ጨዋማ ውኃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይሄዳል፣ ጨው አልባው ከላይ ይንሳፈፋል። እርሻው ወደ ባሕር ከቀረበ ጨው ይገባል፤ በጣም ከራቀ ሙላቱ አይደርስበትም። በድርቅ ዓመት ወንዙ ሲደክም ጨው ወደ ላይ ይወጣና ሰዓቱን ሳያይ የከፈተ ሰው ማሳውን በአንድ ቀን ያጣል። ሸርጣንና የውኃ አይጥ ግድቡን ይበሱታል፤ በጣት ስፋት የጀመረ ቀዳዳ ሳይደፈን ካደረ ግድቡን ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው በየእርሻው መዝጊያዎቹን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይመደብ የነበረው። ባሪያ ነው ይባላል እንጂ የመቶ ሰው የዓመት ልፋት እሱ እጅ ላይ ነበር።

ሲዘሩም እንዲሁ በእውቀት ነው። በተረከዝ ጉድጓድ ጫን ያደርጋሉ፣ ዘር ጣል፣ በእግር ጣት አፈር መለስ፤ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥም እንዲሁ ይዘራል። አፈር ሳይለብስ ውኃ ለሚለቀቅበት ማሳ ዘሩ አስቀድሞ በጭቃ ውኃ ይታሻል፣ እንዳይንሳፈፍ። ወሩም ይመረጣል፦ ወይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ወይ ግንቦት ሊያልቅ ሲል። መሐሉ ላይ የሩዝ ወፍ የሚሏት ተጓዥ ወፍ በመንጋ ታልፋለች፣ ያኔ የበቀለ ለእሷ ነው። የቀን ሥራው በልክ ይሰጣል፤ ለኩትኳቶ ለአንድ ሰው ሩብ ኤከር፣ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ሙቀጫው ነው። በ1787 ጆናታን ሉካስ የውኃ ወፍጮ እስኪሠራ ድረስ ያ ሁሉ ሩዝ የተሸከሸከው በአብዛኛው በእጅ ነው። ሙቀጫው ከግንድ የተፈለፈለ፣ ዘነዘናው ከ3 ኪሎ የሚበልጥ፣ ሁለት አፍ ያለው ነበር፤ በሾጣጣው ገለባውን ማላቀቅ፣ በደልዳላው ማንጣት። ሁለት ሴቶች ባንድ ሙቀጫ ላይ እየተፈራረቁ ይወቅጣሉ። ልኩን የሚያውቀው ክንድ ነው። ቢበረታበት ፍሬው ይሰበራል፤ ስባሪ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ቢለሰልስበት ቀዩ ስስ ሽፋን ይቀርና ቅባቱ በመርከብ ጉዞ ይሻግታል። ለአውሮፓ ገበያ ሙሉው ፍሬ ተጫነ፣ ስባሪው ለወቃጮቹ ቀረ። ይህ ደግሞ ከማሳ ሥራው በፊት ጎሕ ሳይቀድ፣ ወይም ከመሸ በኋላ ነው።

ከዚያ ማበጠር ነው። ሰፌዳቸው እንደኛው ዙሪያውን እየተጠቀለለ የሚሰፋ ነው። ያኔ ከረግረግ ቄጠማ ነበር፤ ዛሬ ቻርልስተን አጠገብ ባለችው በማውንት ፕሌዛንት መንገድ ዳር የጉላ ሴቶች፣ የእነዚያ ባሮች ልጆች፣ የሚሸጡት ጥሩ መዓዛ ካለው ሣር ነው፣ በፓልሜቶ ቅጠል ተሰፍቶ። በወስፌ ፈንታ አንዳንዴ የላም ጎድን፣ ብዙ ጊዜ ግን እጀታው ተሞርዶ የሾለ የሻይ ማንኪያ ይይዛሉ። ሣሩ በየጊዜው እየተጨመረ እኩል ካልወፈረ ዙሩ ይሳሳና ዕቃው ይጣመማል። አሁን የቸገራቸው ሣሩን ማግኘት ነው፤ ይበቅልበት የነበረው ዳርቻ የሀብታም መኖሪያ ሆኖ ታጥሯል።

ይህን ስጽፍ ሌላውን እንዳልረሳ። በሳቫና ወንዝ ዳር ጋውሪ በሚባለው የሩዝ እርሻ ከአሥር ልጅ ዘጠኙ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ይሞት ነበር። ወባው፣ የቆመው ውኃ፣ ጡት የምታጠባ እናት ማሳ መዋሏ። ጌቶቹ የሙቀቱ ወራት ሲገቡ ከወንዙ ይሸሹ ነበር። ዕውቀቱን ሳወድስ ለዚያ እርሻ ክብር የሰጠሁ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ።

ደላሎቹስ ማንን እንደሚሸጡ ያውቁ ነበር። በሴራሊዮን የባንስ ደሴት ምሽግ ባለድርሻ ሪቻርድ ኦስዋልድ ሰውን ይልካል፣ ቻርልስተን ላይ ሄንሪ ሎረንስ ይሸጣል፤ በጋዜጣም «ከሩዝ ጠረፍ» የመጡ ናቸው ተብሎ ይታወጃል። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ1782 ፓሪስ ላይ አንዱ በእንግሊዝ፣ ሌላው በአሜሪካ ወገን ሆነው ስለ አሜሪካ ነጻነት ተደራድረዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የሚከራከሩ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ገዢው የመጣለትን ነው የገዛው፣ ከሩዝ አገር ያልመጣውም ብዙ ነው፣ ረግረግ ማድረቅ እንግሊዞችም ያውቁ ነበር ይላሉ። ስለ ትልልቆቹ ግድቦች ክርክሩ ሚዛን አለው እላለሁ፤ የብዙ ሰው እጅ ሳይገባበት አልቀረም። ስለ ተረከዙ፣ ስለ ሙቀጫው፣ ስለ ሰፌዱ ግን ማን ሌላ ሊያስተምር ይችል ነበር?

ዘሩስ? በደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም ውስጥ ከእርሻ አምልጠው ጫካ የገቡት ሳራማካዎች በ1762 ሆላንዶችን አስገድደው የሰላም ውል ያዋዋሉ ሕዝብ ናቸው። ዛሬም አንዱን የሩዝ ዝርያ በፓንዛ ስም ይጠሩታል፤ ስታመልጥ ፍሬውን ጸጉሯ ውስጥ ሸሽጋ ያወጣች ሴት ናት ይላሉ። ሌሎች እናቶች ደግሞ ገና ከአፍሪካ ሲጫኑ እንዲሁ አድርገዋል የሚል አለ። በ2016 የወጣ የዘረመል ጥናት የሱሪናሙን የአፍሪካ ሩዝ ምዕራብ አይቮሪ ኮስት ከሚበቅለው ጋር አዛምዶታል። መንገዱን ግን ዘረመል አይናገርም። የባሪያ መርከቦች ከነገለባው ሩዝ ለስንቅ ይገዙ ነበር፣ ሴቶቹም መርከቡ ላይ ይወቅጡት ነበር። ያልተወቀጠ ጥቂት ቀርቶ ቢሆንስ? እሱንስ ቢሆን፣ ከስንቅ ትርፍ ውስጥ ይህ ይበቅላል ብሎ ለይቶ ያነሳው ማን ነው? መዝገቡ ስንት ጆንያ እንደተጫነ ይዟል፤ ያነሳችውን ሴት ስም የት ነው የምንፈልገው?